መጥበሻዬ ሦስት ክር አለው

እስቲ በሳቅ እንጀምር፡፡ ባለፈው ክረምት ቤቴ የመጣ አንድ ወዳጄ ጭኔ ላይ የተጋደመውን ነገር ትክ ብሎ ካየ በኋላ ‹‹ሽንኩርቱስ የታለ?›› አለኝ፡፡ አልፈረድኩበትም፡፡ ክብ ሆድ አለው፣ ረዥም እጀታ አለው፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፡፡ ማንም ቢያየው መጥበሻ ነው የሚለው፡፡ እኔ ግን ገመዱን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቼ፣ በግራ እጄ የያዝኩትን ብረት ክሩ ላይ ሳንሸራትት፣ ድምፁ እንደ አስለቃሽ ጉሮሮ እየተጎተተ ወጣ፡፡ ወዳጄ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፡፡ ከዚያ ጠጋ ብሎ ቆጠረና ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣ፤ ‹‹የቀሩት ሦስት ክሮች የት ሄዱ?››

ይቺን መጥበሻ ከሠራኋት ወዲህ (በትክክል ልናገር፤ ካሠራኋት ወዲህ) ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል፡፡ ሙዚቃ የሚሞካክሩ ጓደኞቼ ‹‹ለምን ሦስት ክር ብቻ?›› ይላሉ፡፡ ሂሳብ የሚወዱት ደግሞ ‹‹ገዝተህ አትገላገልም ነበር?›› ይላሉ፡፡ ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቁኝ አባቴ ብቻ ናቸው፡፡ ጊታሩን ተቀብለው አገላበጡት፣ በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት፣ ክብደቱን መዘኑትና ‹‹ማነው የሠራው?›› አሉ፡፡ የማን እጅ እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፡፡

ይህ ጽሑፍ ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ነው፡፡ የሦስተኛው ስለሚከብደኝ ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ፡፡

መጥበሻው የተወለደበት ቤት

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፡፡ ጊታርን መጥበሻ አስመስሎ ማቅለጥ የእኔ ፈጠራ አይደለም፡፡ እንዲያውም በገበያ ላይ በቅጡ የተሸጠው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጊታር ስሙ ራሱ ‹‹መጥበሻ›› ነበር፡፡ ቅጽል ስሙ ነው፤ ግን ከእውነተኛ ስሙ በላይ የጸናው እሱ ነው፡፡

ጊታርን ጭን ላይ አጋድሞ በብረት መጫወት የሐዋይ ሰዎች ጥበብ ነው፡፡ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1874 የተወለደው ጆሴፍ ኬኩኩ ነው፡፡ ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1889 ገደማ፣ ክሩን በጣቱ ከመጫን ይልቅ ብረት ማንሸራተት እንደጀመረ ይነገራል፡፡ በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሐዋይ ሙዚቀኞች ከተጫወቱ በኋላ አሜሪካ በዚህ ድምፅ አበደች፡፡ ችግሩ አንድ ነበር፡፡ ድምፁ ትንሽ ነው፡፡ ጥሩምባና ከበሮ ባለበት ባንድ ውስጥ ጊታሩ ይዋጣል፡፡

ጆርጅ ቢቸም የሚባል ከቴክሳስ የመጣ ተጫዋች ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው፡፡ የክሩን ንቅናቄ በማግኔትና በመዳብ ሽቦ ጥቅል ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር እንደሚቻል አሰበ፡፡ ሽቦውን ለመጠቅለል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር ተጠቀመ ይባላል፡፡ በ1931 ሃሪ ዋትሰን የተባለ ባለሙያ የመጀመሪያውን ሙከራ ከእንጨት ጠርቦ ሰጠው፡፡ ቀጣዩ ሥራ ግን ከተጫዋች አቅም በላይ ነበር፡፡ ስለዚህ ቢቸም አዶልፍ ሪከንባከር ከሚባል፣ ከስዊዘርላንድ መጥቶ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ከከፈተ ሰው ጋር ተሻረከ፡፡ በ1932 መጥበሻው ከአሉሚኒየም እየተፈሰሰ ለገበያ ወጣ፡፡

ፓተንት ለማግኘት ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ፡፡ መርማሪዎቹ ‹‹ይህ ነገር በእርግጥ ይሠራል?›› ብለው ተጠራጠሩ፡፡ ሪከንባከርም እነ ሶል ሆኦፒን የመሳሰሉ ተጫዋቾችን ዋሽንግተን ድረስ ልኮ ቢሮው ውስጥ እንዲጫወቱ አደረገ፡፡ (የእኛ ሀገር ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዘን ብንሄድ ‹‹በሦስት ኮፒ አምጣ›› የምንባል ይመስለኛል፡፡) ፓተንቱ የተሰጠው ነሐሴ ወር 1937 ነው፡፡ እስከዚያ ድረስ ሌሎች አምራቾች የራሳቸውን የኤሌክትሪክ ጊታር ማውጣት ጀምረው ነበር፡፡

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ፡፡ ሐሳቡ የተጫዋቹ ነው፡፡ ብረቱ የባለ እጁ ነው፡፡ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ኖሮ ቢቸም ሐሳቡን ይዞ ይቀር ነበር፣ ሪከንባከርም ለሌሎች ፋብሪካዎች የጊታር ገላ እየሠራ ይኖር ነበር፡፡ የዓለምን ሙዚቃ የቀየረው ዕቃ የተወለደው ከአንድ ሊቅ ጭንቅላት ብቻ አይደለም፤ እንደ እኩያ ከተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ነው፡፡

ጓሮ ውስጥ

እኔ ብረት አላውቅም፡፡ የማውቀው ክራር መቃኘትና ጊታር መሞካከር ነው፡፡ ስለዚህ መጀመሪያ ከእንጨት ሞዴል አስጠረብኩ፡፡ ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ የክቡ ሆድ ስፋት 18 ሳንቲ ሜትር፡፡ ሞዴሉን በፌስታል ጠቅልዬ የአሉሚኒየም ድስት እያቀለጡ ወደሚሠሩ አንድ ሰው ጓሮ ሄድኩ፡፡ ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር የሚስተካከል፣ ዕድሜ ልካቸውን ድስትና ክዳን ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፡፡ ሞዴሉን አዩና ‹‹ይሄ ደግሞ የየትኛው ሠርግ ጭልፋ ነው?›› አሉኝ፡፡ ‹‹ጊታር ነው ጋሼ›› ስላቸው ከልባቸው ሳቁ፡፡ ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፡፡

‹‹ሲወጣ ልኩ ስንት እንዲሆን ነው የምትፈልገው?››

‹‹የሞዴሉን ያህል ነዋ››

‹‹እንግዲያውስ ሞዴልህ አጥሯል››

ለካ የቀለጠ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፡፡ ከመቶ 1.3 ገደማ፡፡ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሞዴሌ ሲወጣ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድል ነበር፡፡ እሳቸው መቶኛውን አይጠሩትም፤ ‹‹በአንድ ክንድ የግማሽ ጣት ወርድ እንጨምራለን›› ነው ያሉኝ፡፡ ቤቴ ሄጄ በካልኩሌተር ሳሰላው ልክ መጣ፡፡ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አፈርኩ፡፡ የሄድኩት እኔ አስቤ እሳቸው ሊያቀልጡ ነበር፡፡ ለካ እሳቸውም ሲያስቡ ነው የኖሩት፡፡

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ዕቃው ነው፡፡ የለስላሳ ጣሳ ይዤ ልመጣ ስል ከለከሉኝ፡፡ ጣሳ ስስ ስለሆነ እሳት ውስጥ አብዛኛው ወደ ቆሻሻ አረፋነት ይለወጣል፡፡ ‹‹ፒስተንና ቴስታታ አምጣ›› አሉኝ፡፡ ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ፡፡ የሞተር ዕቃ የሚሠራበት አሉሚኒየም ሲሊከን ስላለበት ሲቀልጥ እንደ ውሃ ይሄዳል፣ ቀጭን ቦታም ይገባል፡፡ ምናለሽ ተራ ሄጄ ውዳቂ ፒስተኖችና የተሰነጠቀ ቴስታታ ገዛሁ፡፡ ከአንዱ ፒስተን ውስጥ፣ ከቢዬላው ጋር የሚያያይዘው ክብ ብረት እንዳለ ተሰክቶ ነበር፡፡ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በመዳፍ ልክ የሆነ፡፡ ዛሬ ክሩ ላይ የማንሸራትተው እሱን ነው፡፡ ገላው ከፒስተን፣ ብረቱ ከፒስተን፡፡ አንድ ሚኒባስ ሞቶ ጊታር ሆነ ማለት ነው፡፡

አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፡፡ ጋሼ ቴርሞሜትር የላቸውም፤ ዓይን አላቸው፡፡ ትልቁ ጥንቃቄያቸው ግን ስለ እሳቱ ሳይሆን ስለ ውሃ ነው፡፡ አሸዋው በእጅ ተጨብጦ ሲከፈት ሳይፈርስ መቆም አለበት፤ መዳፍ ላይ ግን እርጥበት መተው የለበትም፡፡ ውሃ ከቀለጠ ብረት ስር ከተያዘ ባንድ አፍታ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል፤ ብረቱንም ፊት ላይ ይረጨዋል፡፡ ማቅለጫው ውስጥ የሚጨመረው ቁርጥራጭ እንኳ መጀመሪያ እሳት ዳር ተቀምጦ ይደርቃል፡፡ ይህን የምጽፈው አንዳንድ ጀብደኛ አንባቢ ቤቱ ጓሮ እንዳይሞክረው ነው፡፡ ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አይነካም፡፡

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፡፡ ብረቱ አንገቱን ሳይሞላ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ቀረ፡፡ ሁለተኛው ሞላ፤ ግን ሆዱ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተበሳሳ፤ አሸዋው ረጥቦ ነበር፡፡ እኔ ተስፋ ቆርጬ ‹‹እንተወው መሰለኝ›› ስል ጋሼ በመገረም አዩኝ፡፡ ‹‹ምን ጠፋ? መልሰን እናቀልጠዋለን›› አሉ፡፡ ልክ ናቸው፤ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ሰው ወረቀቱን ይጥላል፣ አሉሚኒየም ላይ የተሳሳተ ሰው ስህተቱን መልሶ ማቅለጫው ውስጥ ይከተዋል፡፡ ሦስተኛው ሙከራ አማረ፡፡ ስንመዝነው 3 ኪሎ ገደማ ሆነ፡፡

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ላብ ነው፡፡ ሞርሳ ላይ አስሬ ሦስት ቀን በሊማ ሞረድኩ፡፡ መቃኛዎቹን ከተሰበረ ጊታር ነቀልኩ፡፡ ለፒክአፑ ማግኔቱን ከተበላሸ ስፒከር አወጣሁ፤ የተቃጠለ ሞተር ከሚጠቀልል ልጅ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ለምኜ ትራፓኖ ላይ እያሽከረከርኩ ከ5 ሺህ ዙር በላይ ጠቀለልኩ፡፡ ሁለት ጊዜ ተበጥሶብኝ ከዜሮ ጀምሬያለሁ፡፡ መጀመሪያ ሲበራ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ነበር፡፡ የአሉሚኒየሙን ገላ በሽቦ ከምድር መስመሩ ጋር ሳገናኘው ጩኸቱ ጋብ አለ፤ ገላው ራሱ ለፒክአፑ መከለያ ሆነለት፡፡

እከኑንም ልንገራችሁ፤ እንዳልዋሽ፡፡ ይቺ ጊታር ፀሐይ አትወድም፡፡ ከክር ማረፊያ እስከ ክር ማረፊያ 57 ሳንቲ ሜትር ነው፡፡ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ይህ አሉሚኒየም ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የብረቱ ክር ግን በራሱ የሚረዝመው የዚያን ግማሽ ገደማ ነው፡፡ ስለዚህ ገላው ክሩን ይወጥረዋል፣ ቅኝቱም ይሸሻል፡፡ የ1932ቱ መጥበሻም ይኸው በሽታ ነበረበት፤ በመድረክ መብራት ሲሞቅ ቅኝቱን ይለቅ ነበር፡፡ ሪከንባከር በ1935 ከቤክላይት የተሠራ ሌላ ሞዴል ያወጣውም ለዚህ ነው፡፡ ከ90 ዓመት በፊት የነበረን ስህተት በእጄ ደግሜ በማግኘቴ በትንሹ ኮርቻለሁ፡፡

የቀሩት ሦስት ክሮች የት ሄዱ?

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ፡፡ መልሱ አጭር ነው፤ የትም አልሄዱም፤ መጀመሪያም አልነበሩም፡፡

‹‹ክር ሲበዛ ሙዚቃ ይበዛል›› የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣብን አላውቅም፡፡ ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፡፡ በዚያ አንድ ክር አዝማሪው ሠርግ ያስጨፍራል፣ ሟች ያስለቅሳል፣ ባለሥልጣን ይሰድባል፡፡ ክራር አምስት ወይም ስድስት ነው፡፡ በገና 10 አውታሮች አሉት፤ ግን በተለመደው አደራደር ደርዳሪው ድምፅ የሚያወጣባቸው ግማሽ ያህሉን ነው፡፡ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ግድግዳ ላይ በተወጠረ አንድ ሽቦና በጠርሙስ ብሉዝን ተለማምደዋል፡፡ ማንም ‹‹አምስት ክር ይጎድላችኋል›› አላላቸውም፡፡

የእኔ ምክንያት ግን ተረት ብቻ አይደለም፡፡ ቴክኒካዊ ነው፡፡ ተራ ጊታር ላይ እያንዳንዱ ጣት የየራሱን ክር ይጫናል፡፡ ላፕ ስቲል ላይ ግን ቀጥ ያለ አንድ ብረት ነው ክሮቹን ሁሉ የሚነካው፡፡ ሁሉም እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ፡፡ ስለዚህ ክሮቹ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና መጀመሪያ የቃኘኸው ነው፤ ጨዋታ መሃል ልቀይር ብትል አይሆንም፡፡ የተለመደው ባለ ስድስት ክር ቅኝት ውስጥ ‹‹ሚ›› አለ፡፡ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፡፡ የሐዋይን ዘፈን እንደ ጣፋጭ የሚያደርገው ይኸው ነው፡፡

እስቲ ይህን ቅኝት ይዘን ወደ ሀገር ቤት እንምጣ፡፡ ትዝታ በሙሉው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ‹‹ሚ›› አለችው፣ እንስማማለን፡፡ ትዝታው ወደ ሐዘኑ ሲዞር ግን ‹‹ሚ›› እና ‹‹ላ›› ዝቅ ይላሉ፤ የጊታሩ ‹‹ሚ›› ደግሞ እዚያው ቆማ ትከራከራለች፡፡ አምባሰል ውስጥ ‹‹ሚ›› ጭራሹኑ የለችም፤ ከዶ ቀጥሎ ዝቅ ያለች ሬ፣ ከዚያ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ያለች ላ ነው፡፡ ባቲም እንዲሁ ሁለት መልክ አላት፤ አንዷ ውስጥ ‹‹ሚ›› ከፍ፣ ሌላዋ ውስጥ ዝቅ ትላለች፡፡

እኔ ታዲያ ‹‹ሚ››ን አሰናበትኳት፡፡ ከተራ ጊታር ላይ 5ኛውን፣ 4ኛውንና 3ኛውን ክር ወሰድኩ፡፡ 5ኛውን ከላ ወደ ሶል አወረድኩት፡፡ የቀሩት ሬ እና ሶል ናቸው፡፡ ውጤቱ ሥር፣ አምስተኛና የላይኛው ሥር ነው፤ በቀላል አነጋገር ዶ፣ ሶል፣ ዶ ማለት ነው፡፡ ይህ ቅኝት ደስታም አይደለም፣ ሐዘንም አይደለም፤ ሁለቱንም ይጠብቃል፡፡ ትዝታን በሁለት መልኩ፣ ባቲን በሁለት መልኩ፣ አምባሰልንም ያስተናግዳል፡፡ አንቺሆዬ ብቻ እምቢ አለችኝ፤ እሷ ውስጥ ‹‹ሶል›› ራሷ ዝቅ ስለምትል ሦስቱን ክር ባንድ ላይ መምታት አይቻልም፡፡ እሷን በአንድ ክር ብቻ እንደ ማሲንቆ እጫወታታለሁ፡፡

ደግሞም እነዚህ ዶሬሚዎች ለመግባቢያ ነው እንጂ የእኛ ዘፋኝ ጉሮሮም ሆነ የክራር ደርዳሪ ጆሮ በፒያኖ ቁልፍ አይታሰርም፡፡ ላፕ ስቲል ጣት የሚያግድ ፍሬት የለውም፤ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሃል ያለችው ድምፅ ላይ መቆም ይችላል፡፡ ለዚህ ነው ብረቷን ሳንሸራትት ‹‹የሐዋይ መሣሪያ ነው›› የምትሉት ነገር የማሲንቆ የአክስት ልጅ የሚመስለኝ፡፡

ክር መቀነስ ማለት ከዕቃው ላይ መጉደል አይደለም፡፡ የምትፈልገውን ማወቅ ነው፡፡

የአባቴ ጥያቄ

‹‹ማነው የሠራው?›› ነበር ያሉት አባቴ፡፡ ‹‹ድስት የሚያቀልጡ አንድ ሰው ናቸው፤ እኔም አግዣቸዋለሁ›› አልኳቸው፡፡ ‹‹አንተ ወናፍ ነፋህ?›› አሉ፡፡ ‹‹አዎ››፡፡ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ፡፡

ነገሩን የነገረችኝ እናቴ ናት፡፡ አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ቀጥቃጭ ነበሩ፡፡ ይህን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፡፡ ቤታችን ውስጥ ‹‹ገበሬ ነበሩ›› ነው የሚባለው፡፡ አባቴ በወጣትነታቸው የወደዷትን ልጅ ቤተሰቧ የከለከላቸው ‹‹ዘሩ አይደለም›› ተብለው ነው፡፡ ማረሻቸውን፣ ማጭዳቸውን፣ ምሳራቸውን የሠሩላቸው አያቴ ነበሩ፡፡ በእሳቸው ማረሻ አርሰው፣ በእሳቸው ማጭድ አጭደው፣ በበሉት እንጀራ ላይ ቁጭ ብለው ልጃቸውን ‹‹የቡዳ ልጅ›› አሏቸው፡፡ አባቴ አዲስ አበባ መጡ፣ ተማሩ፣ ቢሮ ገቡ፣ ያንን ስም ቀበሩት፡፡ እኔ ደግሞ ባለማወቄ ቆፍሬ አወጣሁት፤ ከዚያም ክር ወጥሬበት ሳሎናቸው ውስጥ ደረደርኩት፡፡

ወገኖቼ፣ ‹‹ይሄ የድሮ ነገር ነው›› እንዳትሉኝ፡፡ ድሮማ ድሮ ነው፡፡ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፡፡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው፡፡ ቀጥቃጭ ማታ ጅብ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ዛሬ ከተማ ውስጥ ፈልጌ አላገኝ ይሆናል፡፡ ግን ስድቡ ሲሞት ንቀቱ አብሮ አልተቀበረም፤ ልብስ ነው የቀየረው፡፡ ‹‹ትምህርት እምቢ ካለህ ጋራዥ ትገባለህ›› ብሎ ልጅን ማስፈራራት ምንድን ነው? የእጅ ሙያን ፈተና የወደቀ ሰው የሚጣልበት ቅጣት ማድረግ ምንድን ነው? እኔ ራሴ ጋሼ ጓሮ ስሄድ ‹‹እኔ አስቤ እሳቸው ያቀልጣሉ›› ብዬ መሄዴስ ምንድን ነው? ከዚያው ከድሮው ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ነው፡፡

ገዝተህ አትገላገልም?

አሁን ሂሳብ የሚወዱት ወዳጆቼ ይመጣሉ፡፡ ‹‹ስሜትህ ገባን፤ ግን የቻይና ጊታር ከዚህ ይረክሳል›› ይላሉ፡፡ እውነት ነው፤ ወጪዬን ሁሉ ስደምር ርካሽ ጊታር ከመግዛት ብዙም አልተለየም፤ የጠፋብኝን ጊዜ ካሰብነውማ ኪሳራ ነው፡፡ ድምፁም ቢሆን ከጥሩ ፋብሪካ ከወጣ አይበልጥም፡፡ ‹‹ጊታር ፋብሪካ እንክፈት›› የሚል መፈክርም የለኝም፡፡

ክርክሬ ሌላ ነው፡፡ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ‹‹ሚ››ን ማሰናበት አልችልም ነበር፡፡ የሌላ ሀገር ዘፈን ታስቦ የተሠራ ዕቃ ገዝቼ፣ ዘፈኔን ከዕቃው ጋር ለማስታረቅ ስታገል እኖር ነበር፡፡ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ በሙዚቃ ብቻም አይደለም፡፡ ለራስህ የሚስማማ ዕቃ ማግኘት የምትችለው ዕቃውን የሚሠራው ሰው የሚያናግርህ ከሆነ ነው፡፡ የፋብሪካው ባለቤት ጓንዡ ነው ያለው፡፡ ጋሼ ግን ከቤቴ በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይርቁም፡፡

ይህ ከተማ ሁለቱም ሰዎች አሉት፡፡ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርና ማሲንቆ የሚማሩ፣ የቅኝትን ነገር ከእኔ አሥር እጥፍ የሚያውቁ ልጆች አሉ፡፡ በየጓሮው አሉሚኒየምን እንደ ውሃ የሚያፈስሱ ባለ እጆች አሉ፡፡ ቢቸምም አለ፣ ሪከንባከርም አለ፡፡ የጠፋው ጠረጴዛው ነው፡፡ ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት፡፡ ሙዚቀኛ የሆንክ አንባቢ፣ መሣሪያህ ሲሰበር ወይም የማይመችህ ነገር ሲኖረው፣ መጀመሪያ ሱቅ ሳይሆን ጓሮ ሂድ፡፡ ስትሄድ ትእዛዝ ይዘህ ሳይሆን ጥያቄ ይዘህ ሂድ፡፡ የሙዚቃ አስተማሪ ከሆንክ ተማሪዎችህን አንድ ቀን ወደ ማቅለጫ ቤት ውሰዳቸው፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ከሆንክ ደግሞ ለመመረቂያ ሥራ በርና መስኮት ብቻ አታስብ፡፡ ዕቃው ሲያልቅም የሠራውን ሰው ስም ጻፍበት፡፡ ጊታር ስንገዛ የፋብሪካውን ስም አንገቱ ላይ እናነባለን፡፡ ክራራችንን፣ ጸናጽላችንን፣ ድስታችንን የሠራው ሰው ግን ስም የለውም፡፡

እኔም ይህንኑ ለማድረግ ጋሼ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር፡፡ ‹‹ስምዎን ጀርባው ላይ ልቅረጽበት›› አልኳቸው፡፡ ትንሽ አሰቡና ‹‹ስም ምን ያደርግልኛል? ስልክ ቁጥሬን ጻፍበት፤ ሌላ ዕብድ ከመጣ ይደውልልኝ›› አሉኝ፡፡ ጻፍኩት፡፡ ይኸው መጥበሻዬ ጀርባዋ ላይ ስልክ ቁጥር አላት፡፡ እስካሁን አንድ ሰው ደውሎላቸዋል፤ ለቤዝ ክራሩ የብረት ገላ ፈልጎ፡፡

አባቴስ? ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ሙሉውን አነበብኩላቸው፡፡ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፡፡ ከዚያ ‹‹አያትህ ጸናጽልም ይሠሩ ነበር፤ እኔ ነኝ ለቤተ ክርስቲያን የማደርሰው›› አሉ፡፡ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ሲወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፡፡ ደስ ብሎኝ ‹‹ታዲያ የአያቴን ስም ልጻፈው?›› ስላቸው ግን እጃቸውን አወዛወዙ፤ ‹‹እሱን ተው፡፡ እህትህ ገና አላገባችም፡፡››

ስለዚህ የአያቴን ስም እዚህ አላነበባችሁትም፡፡ አባቴ ፈርተው አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ ሀገራቸውን ስለሚያውቁ ነው፡፡ እኔ ሦስት ክር ላይ ምን ያህል ትዝታ እንደሚገባ አስረድቻችሁ ይሆናል፡፡ እህቴን ሊያጭ የሚመጣው ሰው ግን ዛሬም ‹‹ዘሯ ምንድን ነው?›› የሚል ከሆነ፣ ክርክሩን ገና አላሸነፍኩም ማለት ነው፡፡

ያሸነፍኩ ቀን መጥበሻዋን አገላብጬ ከስልክ ቁጥሩ በላይ አንድ ስም እቀርጽበታለሁ፡፡ ቦታ ትቼለታለሁ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡